ያልተጻፈ ጥፋት፣ ያልተነበበ ፋይል

(ለሰው ሀብት ባለሙያዎችና ለአነስተኛ ድርጅት ባለቤቶች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አመሻችሁ። ቀኑን ሙሉ ስትሠሩ ውላችሁ፣ የታክሲውን ሰልፍ ችላችሁ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በሰው ሀብት ሥራ ላይ የቆየ ሰው አንድ ዓይነት ፋይል ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ፋይሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ጭር ያለ ነው። የቅጥር ደብዳቤ አለ። የትምህርት ማስረጃ አለ። የዋስ ወረቀትና የዓመት ፈቃድ ቅጾች አሉ። ከዚያ ድንገት በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ማስጠንቀቂያ ይገባል። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤ።

አለቃውን "ይህ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም አላጠፋም ነበር እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁት። "ኧረ ከመጀመሪያውም እንዲሁ ነበር፤ ችለነው ነው እንጂ" ይላችኋል። ሠራተኛውን ጠይቁት። "አንድም ቀን ምንም ያለኝ ሰው የለም፤ ዘንድሮ ምን እንደነካቸው እንጃ" ይላችኋል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ዛሬ ማውራት የምፈልገው በእነዚህ በሁለቱ እውነቶች መካከል ስላለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን የሚፈጥረው አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አይደለም። ይሉኝታ ነው። ሰውን ፊት ለፊት "አጥፍተሃል" ማለት ይከብደናል። በጽሑፍ መስጠት ደግሞ ጭራሽ ጠላትነት ይመስለናል። "በዚህ ኑሮ ልጁን በወረቀት ላሳቅቀው?" እንላለን። "እናቷ ታመውባት ነው"፣ "ሰፈሩ ሩቅ ነው" እንላለን። አሳቢነቱን አልነቅፍም፤ ከልብ የመጣ ነው። ግን ጥፋቱ ዝም ስለተባለ አይጠፋም። አለቃው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። አንድ ቀን ደንበኛ ሲቆጣ፣ ወይም ሒሳብ ሲጎድል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። ያን ቀን ሠራተኛው የሚቀጣው ለሃያ ደቂቃ መዘግየት አይደለም። ማንም ላልነገረው ለሦስት ዓመት ሒሳብ ነው።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። የጥፋት መዝገብ በመጀመሪያ የሚያዘው ለሠራተኛው ለራሱ ነው። ሠራተኛው ያላነበበው፣ መልስ ያልሰጠበት ወረቀት በእኔ ዓይን መዝገብ አይደለም። አለቃው በመሳቢያው የቆለፈው ቂም ነው።

ሕጉም ከዚህ የራቀ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ላይ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ፣ ማለትም የስንብቱን ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ሳያስፈልግ፣ ከሥራ የሚያሰናብቱ ምክንያቶች ተዘርዝረዋል። ከእነዚህ ሁለቱ ትንሽ ከሚባሉ ጥፋቶች የሚነሡ ናቸው። አንዱ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ነው። ሌላው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ መቅረት ነው። የቀረበት ቀን በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ የሚሸፈን ከሆነ አይቆጠርም። ከሁሉ በላይ ግን ሕጉ አንድ ነገር ጨምሯል። ሠራተኛው በጽሑፍ እየተነገረው መሆን አለበት።

በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 መቅረትን የሚቆጥረው በሌላ መንገድ ነበር። አምስት ተከታታይ የሥራ ቀን፣ ወይም በአንድ ወር ውስጥ 10 የሥራ ቀን፣ ወይም በዓመት 30 የሥራ ቀን ይል ነበር። ማርፈድን ደግሞ በቁጥር አላስቀመጠውም። አዲሱ ሕግ ቁጥሩን ለአሠሪው አቀለለለት። በዚያው ልክ ወረቀቱን አጠበቀበት። ብዙ አሠሪዎች የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ሰምተዋል። "ስምንት ጊዜ ካረፈደ ማባረር ይቻላል" ይላሉ። ማስጠንቀቂያ ሳይጻፍለት ስምንት ቀርቶ ሃያ ጊዜ ቢያረፍድ፣ ክርክር ሲነሣ የምታሳዩት ነገር አይኖራችሁም። "አጥፍቶ ነው ያሰናበትኩት" ያለ አሠሪ ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት ራሱ ነው።

ገንዘቡንም እንየው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለ ሠራተኛው ወደ ሥራው ሊመለስ ይችላል። የማይመለስ ከሆነና ውሉ ላልተወሰነ ጊዜ ከነበረ፣ ካሳው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። በዚያ ላይ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ አለ። ለምሳሌ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ፣ ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ውሰዱ። የቀኑ 300 ብር ብለን ብናስብ ካሳው 54,000 ብር ነው። የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ ሲጨመር 72,000 ብር ይደርሳል። የስንብት ክፍያና ያልተወሰደ ፈቃድ ገና አልተቆጠሩም። ሠራተኛው በእርግጥ አጥፍቶ ሊሆን ይችላል። ግን ያልተጻፈ ጥፋት ነው።

ትንሽ ጥፋት የቱ ነው፣ ከባድስ የቱ? አዋጁ ከባዶቹን ይዘረዝራል። ትንንሾቹን ግን ለኅብረት ስምምነት (አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ለሚዋዋሉት ውል)፣ ለድርጅቱ የሥራ ደንብና ለሥራ ውሉ ይተዋቸዋል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ቀላልና ከባድ የዲሲፕሊን ቅጣት ተብለው ተለይተዋል። የግል ድርጅት ውስጥ ይህን የመለየት ሥራ ራሳችሁ ካልሠራችሁት ማንም አይሠራላችሁም። ደንብ ሳይኖር የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሁልጊዜ ለክርክር የተጋለጠ ነው። ሠራተኛው "ይህ ጥፋት መሆኑን መቼ ነገራችሁኝ?" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያው አንድ ጥፋት በሁሉም ሥራ ላይ እኩል አይከብድም። የቢሮ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ቢያረፍድ ሥራው ይንጠለጠላል፤ ይደርሳል። የጥበቃ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ሲያረፍድ ግን ሌሊቱን ያደረው ጓደኛው እንቅልፍ አጥቶ በር ላይ ይቆማል። ተረኛ ነርስ ስታረፍድ የሌሊቷ ተረኛ ልጆቿን ትምህርት ቤት ሳታደርስ ትቀራለች። ስለዚህ መዝገቡ ላይ "አርፍዷል" ብቻ አይበቃም። ምን እንዳስከተለ ይጻፍ። ሠራተኛው ያንን ሲያነብ ብዙ ጊዜ ከቅጣቱ ይልቅ እሱ ይሰማዋል።

አሁን ወደ አጻጻፉ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ቅር እንዳትሰኙ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ነውና።

ብዙ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎች የሚጀምሩት እንዲህ ነው፦ "ለሥራዎ ደንታ የሌለዎት፣ ሥነ ምግባር የጎደለዎት መሆኑ በተደጋጋሚ ስለተረጋገጠ..." ይህ ስድብ ነው። መቼ? የት? ማን አየ? ምንም የለም። ሠራተኛው ስድብ ሲያነብ የሚመልሰው ስድቡን ነው እንጂ ጥፋቱን አያስብም። ሌላውን ተመልከቱ፦ "ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:30 መግባት ሲገባዎ 3:10 ገብተዋል። ስለዚሁ ጉዳይ ኅዳር 20 ቀን በቃል ተነግሮዎት ነበር። በመዘግየትዎ የሌሊት ተረኛው አርባ ደቂቃ ተጨማሪ ለመቆም ተገዷል። ምክንያትዎን ከታች ባለው ቦታ ይጻፉ።" አራት ዓረፍተ ነገር ነው። ቁጣ የለበትም። የሚካድ ነገርም የለበትም።

"ምክንያትዎን ይጻፉ" የምትለዋን ቦታ አደራ አትዝለሉ። ሰው እዚያ ላይ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት አድሮ የመጣ አለ። የፈረቃ ለውጡ ያልተነገረው አለ። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው ይነሣል፤ መነሣቱም ይጻፋል። ምክንያት የሌለው ደግሞ ቦታውን ባዶ ይተወዋል ወይም "አይደገምም" ብሎ ይፈርማል። ሁለቱም ይጠቅሟችኋል።

ቀኑን በተመለከተ በእኛ አገር ብቻ ያለ ጣጣ አለ። የጣት አሻራ ማሽኑ የሚያወጣው ዝርዝር በፈረንጆች ቀንና ሰዓት ነው። ደብዳቤው በእኛ ነው። ማሽኑ 10/12/2024 ብሎ ያትማል። አንዱ ቀኑን አስቀድሞ አንብቦ ዲሴምበር 10 ይለዋል፤ በእኛ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017፣ ማክሰኞ። ሌላው ወሩን አስቀድሞ ኦክቶበር 12 ይለዋል፤ በእኛ ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ። በሁለቱ መካከል ሁለት ወር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ሕጉ ደግሞ ስድስት ወር ብሎ ነው የሚቆጥረው። እንዲህ ባለች አሃዝ አንድ መዘግየት ከስድስት ወሩ ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። ማሽኑ የሚለውንና የእኛን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ከተቻለ ዕለቱንም ጨምሩ፤ "ማክሰኞ" የምትለዋ ቃል ስንት ክርክር ትዘጋለች።

ደግሞ ዛሬ ዛሬ ብዙ አለቆች ማስጠንቀቂያ የሚሰጡት በቴሌግራም ግሩፕ ነው። "እገሌ ዛሬም አረፈድክ!" ብለው አርባ ሰው ባለበት ይለጥፉታል። ከዚያ ስክሪን ሾት አንሥተው ፋይል ውስጥ ያስገባሉ። ይህን ተዉት ብዬ እለምናችኋለሁ። ሰውን በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ ነው። ለሰውየው በስሙ የተጻፈ፣ የተቀበለው፣ የመለሰው ደብዳቤ የሚሰጠውን ያህል ማስረጃም አይሆናችሁም።

ፊርማስ? "አልፈርምም" የሚል ሠራተኛ ያላጋጠመው እዚህ ያለ አይመስለኝም። የሚፈራው ግልጽ ነው። "ከፈረምኩ አመንኩ ማለት ነው" ብሎ ያስባል። ይህን ፍርሃት አታጥላሉት። ከፊርማው በላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ "ፊርማዬ ደብዳቤው የደረሰኝ መሆኑን እንጂ በይዘቱ መስማማቴን አያሳይም።" ብዙ ሰው ይህችን ሲያነብ ይፈርማል። አሁንም እምቢ ካለ፣ ሲሰጠው ያዩ ሁለት ሰዎች ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ይፈርሙ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ አንዱ ከማኅበሩ ቢሆን ይመረጣል። የውል ማቋረጫ ማስታወቂያ ሲሆን አዋጁ ራሱ መንገዱን አስቀምጧል። ለሠራተኛው በእጁ ይሰጣል። ካልተገኘ ወይም አልቀበልም ካለ፣ በሥራ ቦታው ግልጽ በሆነ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል።

ስለ ደመወዝ ቅጣት አንድ ነገር ብቻ ብዬ ልለፍ። ብርጭቆ በተሰበረ ቁጥር ከደመወዝ መቁረጥ የተለመደባቸው ቤቶች አሉ። ቅነሳ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በወር ከደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

ወደ ከባዱ ጥፋት እንምጣ። እዚህ ላይ መዝገቡ ሌላ ጠባይ አለው። የትንሹ ጥፋት መዝገብ ሰውየውን ለማስተካከል ነው። የከባዱ ግን የሰው እንጀራ የሚቆረጥበት ወረቀት ነው። አንዳንዴም ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ የሚያነቡት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቃል ይመዘናል።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። የመጋዘን ሠራተኛ ዘይት ይዞ ሲወጣ በር ላይ ተያዘ። የመጀመሪያው ሪፖርት እንዲህ ይላል፦ "ሠራተኛው ሲሰርቅ እጅ ከፍንጅ ተይዟል።" ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ "ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 12:40 ላይ ሠራተኛው ባለ አምስት ሊትር የምግብ ዘይት ሁለት ጀሪካን በፌስታል ይዞ በዋናው በር ሲወጣ በጥበቃ ተፈትሾ ተገኝቷል። የዕቃ መውጫ ፈቃድ ተጠይቆ የለኝም ብሏል። ጀሪካኖቹ በጥበቃ ክፍል ታሽገው ተቀምጠዋል።"

የመጀመሪያውን የጻፈ ሰው ሳያውቀው ከባድ ሸክም ተሸክሟል። ስርቆት ማለት ሐሳብን ጭምር ማስረዳት ነው። ሰውየው "ገዝቼው ነው፤ ደረሰኙ ቤት ነው" ቢል፣ ወይም "ኃላፊው በቃል ፈቅዶልኝ ነው" ቢል ሪፖርቱ ይንገዳገዳል። ሁለተኛው የተጻፈው ግን የታየው ብቻ ነው። አዋጁም በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 2 ላይ ያለ ግልጽ ፈቃድ የአሠሪን ንብረት ከሥራ ቦታ ይዞ መውጣትን ራሱን ችሎ የተከለከለ ድርጊት አድርጎታል። አንቀጽ 27 ደግሞ በዚያ የተዘረዘሩትን ድርጊቶች መፈጸም ለስንብት ምክንያት ያደርጋል። "ሌባ" የሚል ቃል ሳይጻፍ ጉዳዩ ሙሉ ነው። ሰውየው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘም ስሙን አላጠፋችሁም።

በዚያው በአንቀጽ 14 ንዑስ አንቀጽ 2 ውስጥ ሌሎችም አሉ። ሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም፣ ሰክሮ ሥራ መግባት፣ የደኅንነት ጥንቃቄ ደንብን አልከተልም ማለት፣ በሥራ ቦታ ሰውን መምታት፣ ጾታዊ ትንኮሳና ጥቃት። በሁሉም ላይ አንድ ዘዴ እመክራለሁ። ያየሁትን፣ የሰማሁትንና የገመትኩትን አታቀላቅሉ። "ሰክሮ ነበር" ግምት ነው። "የመጠጥ ሽታ ነበረው፤ ሲራመድ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ፤ ስሙን ስንጠራው አልመለሰም" የታየ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በደሙ ያለው ስኳር ሲወርድ ሰካራም ሊመስል እንደሚችል አትርሱ። የታየውን ብቻ የጻፈ ሰው በኋላ የሐኪም ወረቀት ቢመጣ አያፍርም።

ካዝና ሲጎድል ደግሞ ቆጠራው ገንዘብ ያዡ ባለበት ይደረግ። ውጤቱ ላይ እሱም ይፈርም። የተጻፈው "ጉድለት" ይሁን። ጉድለት ከብዙ ነገር ይመጣል፤ ከስሌት ስሕተትም፣ ሳይመዘገብ ከተከፈለ ክፍያም። ጠብ ከሆነ የሁለቱንም ቃል በዕለቱ፣ ለየብቻ ተቀበሉ። ሕጉ ራሱ ጠብን "እንደ ክብደቱ" እንድናይ ይፈልጋል። የካሜራ ምስል ካለ በዚያው ቀን ገልብጡት። ብዙዎቹ ካሜራዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ በላዩ ላይ ይቀዳሉ። በሳምንቱ ስትፈልጉት የለም።

አሁን ደግሞ ሰዓት ስለሚቆጥረው ነገር። አሠሪው ለስንብት የሚያበቃውን ምክንያት ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ብቻ ነው ያሉት። ከዚያ በኋላ በዚያ ጥፋት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ጉዳዩ እስኪጣራ ሠራተኛውን ማገድ ካስፈለገም፣ በኅብረት ስምምነት ሲወሰን እገዳው ከ30 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ ሁለት ቀኖች ተለይተው ይቀመጡ። ጥፋቱ የተፈጸመበት ቀንና እናንተ ያወቃችሁበት ቀን። ሁለተኛው የተጻፈበት ፋይል ብዙም አይገኝም። ክርክሩ ግን የሚነሣው በእሱ ላይ ነው።

እነዚህ 30 ቀናት የት እንደሚያልቁ ታውቃላችሁ? በሽምግልና ነው። ሰውየው ያጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ባለቤቱ ሕፃን አዝላ ትመጣለች። "ለእኛ ሲሉ፣ ለልጆቹ ሲሉ" ይባላል። አለቃው "እስቲ በዓሉ ይለፍ" ይላል። በዓሉ ያልፋል። ሁለት ወር ይሞላል። ከዚያ ነገሩ እንደገና ይነሣና "ያኔ ባጠፋው" ተብሎ ይሰናበታል። ይህ ለሁለቱም ወገን ጉዳት ነው። አሠሪው በሕግ ይሸነፋል። ሠራተኛው ደግሞ ይቅር ተብያለሁ ብሎ ከተቀመጠበት ይነሣል።

ሽምግልናን አከብራለሁ። ብዙ ቤት ያቆመ ነገር ነው። እኔ የምለው ይቅርታውም ይጻፍ ነው። "ጥፋቱ ተፈጽሟል። ሠራተኛው አምኗል። ሽማግሌዎች ባሉበት ስንብቱ ቀርቶ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ እንዲሆን ተወስኗል።" ቀን፣ ፊርማ። እንዲህ ሲሆን ይቅርታው እውነተኛ ይሆናል። አለቃ ቢቀየር እንኳ አዲሱ አለቃ አሮጌውን ጥፋት መዞ ሊያወጣው አይችልም።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ሽማግሌ አታስገቡ። ጾታዊ ትንኮሳ ላይ። "እህታችን፣ ለቤቱ ስም ስትይ ተዪው" የሚባልባት ሴት ሁለተኛ ጊዜ ነው የተጠቃችው። የእሷ ቃል ለብቻው ይያዝ። ከሌላው የሠራተኛ ፋይል ጋር አይቀላቀል። ማን እንዳነበበው የሚመዘገብበት ይሁን። በራሷ አነጋገር ይጻፍ፤ "ያልተገባ ንግግር ተናግሯታል" ብላችሁ አታለስልሱት። ያለውን ቃል እንዳለው ጻፉት፤ ለመጻፍ ቢከብድም። ተከሳሹም መልሱን የመስጠት ሙሉ መብት አለው። እሱም በጽሑፍ። ግን ሁለቱን በአንድ ክፍል አስቀምጣችሁ አታጋጥሙ።

ስለ ተበዳይ ካነሣሁ፣ መዝገብ የሚበደልበትም ሰው አለ። አዋጁ በአንቀጽ 26 ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮችን ይዘረዝራል። የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን፣ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረብ፣ ሃይማኖት፣ የፖለቲካ አመለካከት፣ እርግዝና፣ የአካል ጉዳት እና ሌሎችም። ማንም አሠሪ "እርጉዝ ስለሆነች" ብሎ አይጽፍም። የሚሆነው ሌላ ነው። ሴትየዋ ማርገዟን በተናገረች በሳምንቱ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ሰውየው የትርፍ ሰዓት ክፍያ በጠየቀ ማግስት ድንገት ሰነፍ ይሆናል። ፋይሉን የሚያነብ ሰው ቀኖቹን ያያል። እናንተ የሰው ሀብት ባለሙያዎች፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ፈርሙ ስትባሉ "ከዚህ በፊት ለምን አልተጻፈም?" ብላችሁ ጠይቁ። ሥራችሁ ነው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናንተም ተቀጣሪ ናችሁ። ግን ያቺን ጥያቄ የሚጠይቅ ሌላ ሰው በዚያ ቤት የለም።

ሠራተኞችም እዚህ መካከላችን አላችሁ። የተሰጣችሁን ደብዳቤ ሁሉ ቅጂውን ቤታችሁ አስቀምጡ። መልስ ስትሰጡ በጽሑፍ ስጡ፤ ተቀባዩን "ደርሶኛል" አስብላችሁ አስፈርሙ። የሐኪም ወረቀት ስታስገቡ ፎቶ አንሡት። ስንብት ቢመጣና ወደ ሥራ ልመለስ የምትሉ ከሆነ ደግሞ ክሱ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

አንድ ጊዜ የተጻፈ ጥፋት እስከ መቼ ይኖራል? ለመንግሥት ሠራተኞች በወጣው አዋጅ ቁጥር 515/1999 ላይ ጥሩ ሐሳብ ነበረ። ቀላል ቅጣት ለሁለት ዓመት፣ ከባድ ቅጣት ለአምስት ዓመት በሠራተኛው መዝገብ ላይ ቆይቶ ሊጠቀስ ይችላል ይል ነበር። የግል ድርጅቶችም በደንባቸው እንዲህ ያለ ገደብ ቢያስቀምጡ እወዳለሁ። የማርፈድ ሕግ ራሱ የሚቆጥረው ስድስት ወር ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ያረፈደ ሰው ለደረጃ ዕድገት ሲወዳደር ያቺ ወረቀት ለምን ትመጣበታለች? ጊዜው ያለፈበትን ከፋይሉ አውጡና ለሠራተኛው ንገሩት።

ፋይሉን ማን ያያል የሚለውም አለ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የሰው ጥፋት፣ የሕክምና ወረቀት፣ የቤተሰብ ችግር ያለበት ፋይል ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ መዋል የለበትም። ቁልፍ ያለው መሳቢያ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከመቀመጫ የመጣ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እሱን ልመልስና እጨርሳለሁ። የካፌ ባለቤት የሆነች እህታችን "ስድስት ሠራተኛ ነው ያለኝ፤ ኤች አር (የሰው ሀብት ክፍል) የለኝ፣ ኮሚቴ የለኝ፤ ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?" ብላ ጠይቃለች። ለአንቺም ነው፤ ግን ቀላል ነው። ካርቦን ያለው ባለ ሁለት ቅጂ ጥራዝ ግዢ። አንድ ነገር ሲፈጠር በዚያው ቀን አራት መስመር ጻፊ። ልጁን ወይም ልጅቷን ሥራ ሲቀዘቅዝ ጠርተሽ፣ ደንበኛ በሌለበት አንብቢላቸው። መልሳቸውን ያስፍሩ። አንዱን ቅጂ ስጪ፤ አንዱ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ገጾቹ ቁጥር ይኑራቸው፤ አንድም ገጽ አይቀደድ። ማንበብ የማይችል ካለ የሚያምነው ሰው ያንብብለት። ጥሩ የሠሩበትንም ቀን እዚያው ላይ ጻፊ። እሱ ያለበት ጥራዝ ሲከፈት ሠራተኞችሽ አይደነግጡም።

እሷው ጨምራ "ከእኔ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲቀጠር ደውለው ይጠይቁኛል፤ ምን ልበል?" ብላለች። ሕጉ ለሚለቅ ሠራተኛ በነጻ የሚሰጠውን የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዘት ወስኗል። የሠራው ሥራ ዓይነት፣ የቆየበት ጊዜና ያገኝ የነበረው ደመወዝ ነው። ጥፋት እዚያ ላይ አይጻፍም። ተጣልታችሁ ብትለያዩም ማስረጃውን መከልከል አይቻልም። በስልክ ሲጠይቁሽም እነዚሁኑ ሦስቱን ንገሪያቸው። ስለ ጠባዩ አጥብቀው ከጠየቁሽ፣ በጥራዝሽ ላይ ከሌለና እሱ ካልፈረመበት ነገር ምንም አትጨምሪ።